ደሙ ቆሟል

እናቱ ያወጣችለትን ስም ሆስፒታሉ ውስጥ የሚያውቀው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ነበር። ከበር ጥበቃው እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ያዝ ለቀቅ» እያለ ነው። ሥራ ላይ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ሥራ ከያዘ እንደ መዥገር ነው። ስሙ የወጣለት ከአፉ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንድ ወፍራም መስታወት ጀርባ ተቀምጦ፣ ድምጽ ማጉያዋ ላይ ጎንበስ እያለ፣ «ትንፋሽ ያዝ... ልቀቅ» ሲል የኖረ የራጅ ባለሙያ ነው። ለሽማግሌውም ለወጣቱም አንተ ነው የሚለው። አንድ ጊዜ አለቃው ትልልቅ ሰዎችን እንዲያከብር ቢመክረው፣ «ይያዙልኝ ብዬ እስክጨርስ ሰውየው ሁለቴ ይተነፍሳል» ብሎ መለሰ።

የሚሠራበት ክፍል በሩ ላይ «አንጂዮግራፊ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ሳይሳሳት የሚጠራው ጥቂት ስለሆነ ሠራተኛው «ሽቦ ክፍል» ይለዋል፤ አልተሳሳተም። ሐኪሙ የበሽተኛውን ብሽሽት በትንሹ ይበሳና በደም ሥሩ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይሰዳል። ሽቦውን ተከትላ ከእስክርቢቶ ቀለም መያዣ የቀጠነች ቱቦ ትገባለች። ቱቦዋ ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄደው የደም ሥር አፍ ላይ ስትደርስ በራጅ የሚታይ ቀለም ይረጫል። ያኔ የያዝ ለቀቅ ተራ ይመጣል። ሰውየው ከተነፈሰ ሆዱ ይንቀሳቀሳል፤ ሆዱ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል። ትንፋሹን ይዞ ከቆየ ግን የደም ሥሮቹ ቅጠል እንደረገፈበት ዛፍ ቅርንጫፍ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ አንዱ ጋ ደም የሚፈስ ከሆነ ቀለሙ ከመስመሩ ወጥቶ ይሰፋል። ሐኪሙ ያንን ካየ በዚያችው ቱቦ በኩል ጸጉር የምታክል ጥቅል ሽቦ ገፍቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ሆድ ሳይከፈት፣ ሰውየውም እያየ።

ሲሳካ ደግሞ ደስ ሲል! አንዲት የሦስት ልጆች እናት ጣረ ሞት ላይ ሆና ገብታ፣ ደሙ በተደፈነ በሰዓቱ «ርቦኛል» ስትል ሰምቶ ያዝ ለቀቅ ኮሪደር ወጥቶ ብቻውን ሲስቅ ታይቷል። «ምን ሆነህ ነው?» ሲሉት «ርቧታል!» ብሎ ነው የመለሰው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ኋላ ያደረገው ነገር ይህን ያህል ባላቃጠለው።

ሥራው ግን አንድ መጥፎ ጠባይ አለው። የሚያሳየው እየፈሰሰ ያለውን ብቻ ነው። ደሙ ለጊዜው ከቆመ ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣና፣ የሚታይ ነገር ሳይኖር ሰው በከንቱ ተበስቶ ይመለሳል። ቀለሙም ለኩላሊት አይመችም። የአንጀት ደም ደግሞ ጠባዩ አይታወቅም፤ ጠዋት ይፈሳል፣ ቀትር ላይ ይቆማል፣ ማታ ያገረሻል። ስለዚህ በሽተኛ ከማውረዳቸው በፊት ወደ ተኝቶ ማከሚያው ደውለው «እየደማ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። እየደማ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ይወርዳል። ካቆመ ይጠበቃል።

ነገሩ በደረሰበት ቀን ተራ የያዙት በሽተኛ ሦስተኛ ፎቅ የተኙ ሽማግሌ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከታች ደም ፈሷቸዋል። ወደ ሆድ በምትገባ ካሜራ ቢታዩም ሆዳቸው ደም በደም ሆኖ ምንጩ አልተገኘም። ጠዋት ያዝ ለቀቅ ራሱ ፎቅ ወጥቶ ምን እንደሚደረግላቸው አስረዳቸው።

«ሽቦ ነው የምታስገቡት?» አሉ፣ ፊታቸው እንደ አመድ ነጥቶ ዓይናቸው ግን እየሳቀ።

«አዎ አባቴ፣ ቀጭን ሽቦ።»

«ሽቦ አስገብቶ መክፈት የኔ ሥራ ነው። እናንተ ደግሞ ሽቦ አስገብታችሁ ትዘጋላችሁ አሉኝ።»

«እንዘጋለን።»

«ካቃታችሁ ጥሩኝ። የት እሄዳለሁ፣ እዚያው ተጋድሜ አይደል!»

ባለቤታቸው የብርድ ልብሱን ጫፍ እያስተካከለች፣ «ተው እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ሥራቸውን ይሥሩበት» አለች። ያዝ ለቀቅ እየሳቀ ወረደ። ደግ ሰው ናቸው፣ ዛሬ እንዘጋላቸዋለን አለ በልቡ።

የሦስተኛ ፎቅ ዋርዷ ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚላት፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ እግሯም አፏም ፈጣን የሆነች ሴት ናት። ዓረፍተ ነገር ጀምራ እስክትጨርስ ሌላ አልጋ ጋ ደርሳለች እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ሥራዋን ግን የሚነቅፍባት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ለሽማግሌው ከተዘጋጀው ደም ሁለት ከረጢት በተላላኪ ወደ ሽቦ ክፍል አስወረደች። ሰውየው እዚያው ሲሠራላቸው እንዲሰጣቸው ነው። ከረጢቶቹ ሽቦ ክፍል ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ገቡ። አንድ ከረጢት ደግሞ ዋርድ ውስጥ ወደ ክንዳቸው እየወረደ ነበር።

ሽቦ ክፍል ግን ቀድሞ የገባ የእግር ደም ሥር በሽተኛ ነበር፤ ሥራው ተንዛዛ። ያዝ ለቀቅ የራጅ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጡን ለብሶ ሐኪሙን ለማገዝ ሲገባ ሲወጣ፣ ያ ከባድ ሽርጥ ወገቡን ሊቆርጠው ደረሰ። በዚያ ላይ ባለቤቱ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደጅ ቆማ ትጠብቀዋለች። የሚከራይ ቤት ሊያዩ ቀጠሮ አላቸው። አከራዩ እስከ አሥር ሰዓት ካልመጣችሁ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏል። ለአራት ወር የተንከራተቱበት ቤት ነው፤ ኩሽናው ሰፊ፣ ውኃው የማይጠፋ። ሚስቱ በዘበኛው በኩል ሁለት ጊዜ «ኧረ ቶሎ በል» ብላ ልካበታለች።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ያኛው በሽተኛ ወጣ። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ፣ «እስቲ ሦስተኛ ፎቅ ደውልና እየደማ እንደሆነ ጠይቅ» አለው።

ያዝ ለቀቅ የግድግዳውን ስልክ አነሳ። «ሲስተር፣ ሽማግሌው እንዴት ናቸው?»

«ደሙ ቆሟል፤ እናንተ ጋ የወረደውን ላኩልን!» አለች ሲስተር፣ እንደ ልማዷ በአንድ ትንፋሽ።

እሷ ያለችው ወደ ክንዳቸው የሚገባው ደም ቆሟል፣ ከረጢቱ አልቋል ነው። እሱ የሰማው ከሰውየው የሚፈሰው ደም ቆሟል ነው። የሚገባውም ደም ነው፣ የሚወጣውም ደም ነው፤ ያለቀውም ቆመ ይባላል፣ የዳነውም ቆመ ይባላል። በቋንቋ ማን ይፈርዳል! ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጆሮው ቸኩሎ የሰማው መስማት የፈለገውን ነው። «ቆሟል» የምትለዋ ቃል ሽርጡን አውልቆ ወደ ቤቱ የምታሰናብተው ቃል ነበረች። የቀረውን ስትናገር እጀታው ከጆሮው ወርዶ ወደ መስቀያው መንገድ ጀምሯል። «ላኩልን» ስትል ሰምቷታል፤ ቀጭን ሆና፣ ከሩቅ፣ ግን ሰምቷታል። የሆነ ወረቀት ይሆናል ብሎ ሰቀለው።

«ቆሟል፣ ዶክተር» አለ።

«ከቆመማ ምን እናያለን? ቀለሙን በከንቱ አንረጭባቸውም። ለነገ ጠዋት ይተላለፍ፤ ካገረሸ ይጥሩኝ። ንገራቸው» አለ ሐኪሙ።

ንገራቸው የተባለው እሱ ነው። መልሶ ቢደውል ኖሮ ነገሩ በግማሽ ደቂቃ ይጠራ ነበር። ደግሞ ማን ያወራል ብሎ፣ ወደ ፎቅ ለሚወጣ ተላላኪ «ለነገ ተላልፏል በላቸው» ብሎ ላከ። መብራቱን አጠፋ፣ በሩን ቆለፈ፣ ወገቡን እየያዘ ወደ ሚስቱ ሮጠ።

ሲስተር መልእክቱ ሲደርሳት ደሙ አብሮ የመጣ መስሏት የተላላኪውን እጅ አየች፤ ባዶ ነው። ለሽቦ ክፍል ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሦስት ፎቅ ደረጃ በሩጫ ወርዳ በሩን በጡጫ ደበደበችው። ተመልሳ ደም ባንክ ሮጠች፤ እዚያ ደግሞ ለሰውየው የሚስማማ አዲስ ከረጢት ለማዘጋጀት አርባ ደቂቃ ያስፈልጋል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ጊዜ እየደሙ ነበር። የደም ግፊታቸው ወረደ። የሽቦ ክፍሉ ሐኪም ከቤቱ ተጠርቶ እስኪመጣ ቀዶ ሐኪሞቹ አማራጭ አጥተው ሆዳቸውን ከፈቱ። ጀምበር ከመጥለቋ በፊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞቱ።

ያዝ ለቀቅ በዚህ ሁሉ መሃል የአዲሱን ቤት የኩሽና ቧንቧ እየከፈተና እየዘጋ፣ «አይ፣ ጥሩ ቤት ነው» እያለ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ማቀዝቀዣዋን ሲከፍት ሁለቱን ከረጢቶች አያቸው። የሽማግሌው ስም በላያቸው ተለጥፏል። «ላኩልን» ምን እንደነበረች ያኔ ገባው። ማቀዝቀዣዋን ሳይዘጋ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሐኪሙ «ምን ሆንክ?» ሲለው «ወገቤን ነው» አለ። የመጀመሪያው ውሸት ይቺ ናት።

ሁለተኛው ከሳምንት በኋላ መጣ። ሦስት ሰዎች የተቀመጡበት አጣሪ ኮሚቴ እሱንና ሲስተርን በአንድ ጠረጴዛ ፊት ጠራቸው። ሲስተርን ምን እንዳለች ጠየቋት።

«ደሙ ቆሟል፤ እናንተ ጋ የወረደውን ላኩልን ነው ያልኩት» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ? የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ላኩልን ብለሽ ከነበረ፣ ለምን ደግመሽ ደወልሽ?»

«ስላልመጣልኝ ነዋ።»

«ወይስ መጀመሪያ የረሳሽውን ለመናገር?»

ስልኩ በተደወለበት ሰዓት ሲስተር ስምንት በሽተኛ ነበራት፤ አፏ ምን እንዳለና ልቧ ምን እንዳሰበ መለየት አቃታት። ወደ ያዝ ለቀቅ ዞራ በተስፋ አየችው። የኮሚቴው ሰብሳቢም ወደ እሱ ዞረ።

«ከ‹ደሙ ቆሟል› ሌላ የተናገረችው ነገር አለ?»

አለ። አዎን፣ ላኩልን ብላለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቸኩዬ ነው ማለት ነበረበት። አፉን ሲከፍት ግን ልጆቹ መጡበት፣ አዲሱ ቤት መጣበት፣ «ሰው ገደለ» የሚለው ቃል መጣበት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለ በልቡ።

«አልሰማሁም» አለ።

ከስብሰባው ሲወጡ የሽማግሌው ባለቤት ኮሪደር ላይ ቆማለች። ሲስተርን በጋዋኗ ኮሌታ ይዛ፣ «ባሌን በአፍሽ ገደልሽው» አለቻት። ጮኻ እንኳ አልተናገረችም። ያዝ ለቀቅ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር፤ ጫማውን ማየት ጀመረ። ወይ ሰው!

ለሲስተር ማስጠንቀቂያ ተጻፈባትና ከዋርድ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረች። ከሁሉም የሚብሰው ይህ አይደለም። ከሁሉም የሚብሰው፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ደረጃ ላይ ስታገኘው ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። በኔ አፍ እርስዎንም አስጠየቅሁዎት» ማለቷ ነው። እሷ እሱን! እሱም፣ መሬት አልተከፈተችምና፣ «አይዞሽ» ብሏት አለፈ። በዓመቱ ሥራውን ለቀቀች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሆስፒታሉ ከዚያ በኋላ በየስልኩ አጠገብ ማስታወቂያ ለጠፈ። «‹ደሙ ቆሟል› ማለት ክልክል ነው። ‹በሽተኛው መድማት አቁሟል› ወይም ‹የሚሰጠው ደም አልቋል› ይባል። የሰማ ይድገመው።» ያዝ ለቀቅ ይህን ጽሑፍ አሥራ አንድ ዓመት ስልክ ባነሳ ቁጥር አነበበው። አዲስ ነርሶች ሲመጡ የማስታወቂያው ታሪክ ይነገራቸዋል፤ «አንዲት ነርስ ነበረች፣ ሐሳቧን የማትጨርስ...» እየተባለ። እነሱም ይስቃሉ። እሱ መስታወቱን ይወለውላል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ስንት ዓመት ማደር እንዳለበት የተናገረ ግን የለም።

ሊናገር ያልሞከረ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ እስከ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄዶ፣ ሰልፍ አለ ብሎ ተመልሷል። አንድ ጊዜ ደብዳቤ ጀምሮ «ጉዳዩ» ከሚለው ሳያልፍ ቀዶታል። ከዚያ በኋላ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ሆድም ፈጀው። ለወገቡ ሕመም በየቀኑ የሚውጠው ኪኒን ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ጨጓራውን አቆሰለው። አንድ ጠዋት ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አየው። ምን ማለት እንደሆነ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ግን ዛሬ ነገ እያለ ሥራ ገባ፤ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ወደቀ።

ያንኑ ሦስተኛ ፎቅ አስተኙት። በካሜራ ገብተው ቁስሉን ሊያሽጉት ሞከሩ፤ ለአንድ ቀን ያዘና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ፈነዳ። ዓይኑ እየጨለመበት ከተሰቀለው ከረጢት የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወርድ አየ። ከአልጋው ማዶ ያለችው ወጣት ነርስ ስልክ ስታነሳ ሰማ።

«ሽቦ ክፍል? የሚሰጠው ደም አልቋል። በሽተኛው መድማት አላቆመም። አልቋል ያልኩት የሚሰጠውን ነው። እስቲ ይድገሙልኝ።»

ከወዲያ የሚደግመው ድምጽ ተሰማ። ደም መጣ፤ አልጋው ተገፋ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሲያጋድምበት የኖረው ጠረጴዛ ላይ እሱ ራሱ ተጋደመ። ብሽሽቱ ተበሳ። እሱ ያሠለጠናት ልጅ ከመስታወቱ ጀርባ «ትንፋሽ ይያዙ» ስትለው ያዘ። በቀለሙ ሙቀት ሆዱ ጋለ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ስክሪኑን ሲያይ ከጨጓራው ሥር ያለችው የደም ሥር ቀለሙን ስትተፋ አያት። ሐኪሙ ሁለት ጥቅል ሽቦ ሰድዶ ደፈናት። «ይልቀቁ» ተባለ። ለቀቀ፤ ከትንፋሹ ጋር ለቅሶም ለቀቀ።

«አመመህ እንዴ?» አለው ሐኪሙ።

«አላመመኝም» አለ። ያዳነው ያ ማስታወቂያ ነው። ያ ማስታወቂያ የተጻፈው ደግሞ በአንድ ሽማግሌ ሞትና በአንዲት ሴት ስም መጥፋት ነው። አላመመኝም እንጂ ሌላ ምን ይበል?

እግሩ መራመድ እንደጀመረ ለባለቤቱ ነገራት። ሚስቱም፣ «ቶሎ በል ብዬ ስልክብህ የነበረው እኔ አይደለሁም?» አለች። ለሷም ሌላ ሸክም አካፈላት ማለት ነው። ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኃላፊው አንብቦ «ያለፈ ነገር ለምን ይቀሰቀሳል» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። የሽማግሌውን ባለቤት አፈላለገ፤ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። ባሏን የገደለው የነርሷ አፍ እንደሆነ አምና ሞታለች። የቀረችው ሲስተር ናት።

ትምህርት ቤት አጠገብ ካለች ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት አገኛት። መነጽር አድርጋለች፣ ጸጉሯ ከፊት ሸብቷል። ለአንድ ሰው ማመልከቻ እየጻፈች ነበር፤ ያ ፈጣን አፏ ቃል በቃል እየቆጠረ ይናገራል። «እንዲህ ነው ያሉት? ልድገምልዎት፤ በደንብ ይስሙኝ» እያለች ለሰውየው ሦስት ጊዜ አነበበችለት። ሰውየው ሰልችቶት «ነው፣ ነው አልኩሽ እኮ» ብሎ ወጣ።

«ሲስተር» አላት ያዝ ለቀቅ።

ቀና አለች። «ውይ ጋሼ! ምነው እንዲህ ከሱ? ሲስተር የሚለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ አልናገርም» አለ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። «ያን ቀን ብለሽ ነበር።»

«ምን ብዬ?»

«ላኩልን ብለሽ ነበር። እናንተ ጋ የወረደውን ላኩልን። ስልኩን እየሰቀልኩ ሰምቼሻለሁ። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ አልሰማሁም ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ሲስተር እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይድገሙልኝ» አለች።

«ደሙ ቆሟል፣ እናንተ ጋ የወረደውን ላኩልን። እንዲህ ነው ያልሽው። አንድም አልጎደለሽም።»

«ብዬ ነበር?»

«ብለሽ ነበር።»

እንደምትሰድበው እርግጠኛ ነበር፤ ቢሰደብም ይሻለው ነበር። እሷ ግን ፊቷ በራ። እንባዋ በመነጽሯ ሥር እየወረደ፣ በደስታ፣ ልክ የጠፋ ልጅ እንደተገኘላት ሰው፣ «ብዬ ነበር! እኔ እኮ ያልኩ ይመስለኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት አፌን እያንቀሳቀስኩ እለማመዳታለሁ፤ ብዬ ይሆን ሳልል ቀርቼ ይሆን እያልኩ። መጨረሻ ላይ አላልሽም ብዬ በራሴ ላይ ፈረድኩ። ብዬ ነበር ለካ!» አለች። እያንዳንዷ «ብዬ ነበር» የያዝ ለቀቅን አንጀት እየቆረጠች ታልፋለች።

ከዚያ ደስታው ቀስ ብሎ ከፊቷ ወረደ። «መቼ ነው ያወቁት?»

«በማግስቱ። ከረጢቶቹን ሳይ።»

«በማግስቱ» አለች። «እኔ ደረጃ ላይ ይቅር ይበሉኝ ስልዎትም ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ፈራሁ፣ ሲስተር። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ወረቀት ሊያስገለብጥ የመጣ ሰው በሩ ላይ ብቅ ሲል በእጇ መለሰችው። «ልጄ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ነርስ ልሁን አለችኝ» አለች። «ነጥቧም ደርሶላት ነበር። የኔን የድሮ ነጭ ጋዋን አውጥታ ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም አገኘኋት። አስወለቅኋት። እኛ ቤት አፍ ሰው ይገድላል፣ አንቺም የኔው ልጅ ነሽ፣ ይበቃናል አልኳት። አንድ ዓመት አኩርፋኝ ቆየች። አሁን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ትቆጥራለች። ባየኋት ቁጥር ከሰው ነፍስ ዕዳ አዳንኳት እላለሁ። ከምኑ ነው ያዳንኳት ጋሼ?»

ያዝ ለቀቅ የበደለው እሷን ብቻ መስሎት ነበር የመጣው። ልጅ እንዳላት እንኳ አያውቅም።

ሲስተር መልሱን አልጠበቀችም። ስልኳን ከመሳቢያው አውጥታ ደወለች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምጹን ከፈተችው። ከወዲያ ካርቶን ሲጎተት ይሰማል።

«ልጄ፣ ብዬ ነበር እኮ!» አለች። «ያን ጊዜ፣ ሽማግሌው የሞቱ ጊዜ፣ ላኩልን ብዬ ነበር! ሳልናገር የቀረሁት ነገር የለም!»

የሚጎተተው ካርቶን ቆመ። «እማዬ? ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው? ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

ሲስተር መነጽሯን አውልቃ ያዝ ለቀቅን አየችው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲሸሻት የኖረውን ዓይን በዓይን። ስሙን አልጠራችም።

«የሰማው ሰውዬ» አለቻት።